ቆጥ ላይ ሰው ሲተኛ

ጂንካ ውስጥ ጠባብ ቤት ያለው ሰው ልጆች ሲበዙበት፣ ወይም የእህት ልጅ ለትምህርት ከገጠር ሲመጣበት፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሄዳል። ግድግዳው ሦስት ሜትር ያህል ከሆነ አጠና ያጋድማል፣ ጣውላ ይደረድራል፣ መሰላል ያስደግፋል፤ ቆጥ ሆነ ማለት ነው። አዲስ አበባም በአራዳና በልደታ የቀበሌ ቤቶች ስንት ቤተሰብ ልጆቹን በቆጥ ላይ አስተኝቶ አሳድጓል። ቦታ የጠበበው ሰው ሌላ ምን ያድርግ? ስለዚህ የማስረዳው ቆጥ ላይ ለመተኛት ምን መሟላት እንዳለበት ነው።

በብዙ የገጠር ቤት ቆጥ የእህል ቦታ ነው። ከምድጃው በላይ ስለሚሆን የዘር በቆሎና ማሽላ እዚያ ይቀመጣል፤ ጭሱና ሙቀቱ እህሉን ያደርቃል፣ ነቀዝንም ያርቃል። በኦሞ ወንዝ ዳር የሚኖሩት የካሮ ሕዝቦችም እህላቸውን በእንጨት እግሮች ከመሬት ከፍ ባለ ጎተራ ያኖራሉ። ከፍታ እህልን ከእርጥበት ይጠብቃል፤ ለተኛ ሰው ግን ከጭስና ከሙቀት ጋር ማደር ማለት ነው። ለነቀዝ የማይስማማ አየር ለሕፃን ሳንባም አይስማማም።

ጭስ ሞቃት ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጣራውን ሲነካ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ነው ወደ ታች የሚሞላው። ሌሊት እሳት ቢነሳ መሬት ላይ የተኛው ገና ሳይሸተው ቆጥ ላይ ያለው ታፍኗል። የባሰው ከሰል ነው። ፍሙ ከቀላ በኋላ ጭስ ስለማይታይበት ብዙ ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ነገር ግን ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሞቀው አየር ጋር ወደ ላይ ይሄዳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ያመጣል፤ የተኛ ሰው ግን እነዚህን ምልክቶች ሳያውቅ እንቅልፉ ወደ ሞት ይሻገራል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እንድናገር ቢፈቀድልኝ ይህን እላለሁ፦ ቆጥ ላይ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ከሰል አይደር። ቡናው ተፈልቶ ሲያበቃ ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ዝናብ ቢሆንም።

ጭሱ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳውና ጣራው በሚገናኙበት ክፍተት ነው። እዚህ ላይ ሌላ ችግር ይነሳል። የወባ ትንኝ ሌሊት ወደ ቤት የምትገባበት ዋና መንገድ ያው ክፍተት ነው፤ የቆጥ መኝታ ደግሞ ከአጠገቡ ነው። ክፍተቱን በጭቃ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ቢደፍኑት ትንኟ ትቀንሳለች፣ አየሩ ግን ይታፈናል። ሁለቱንም የሚፈታው የሽቦ ወንፊት ነው፦ አየር ያሳልፋል፣ ትንኝ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የጋምቢያ ጥናት በሮችንና መስኮቶችን በወንፊት መሸፈን፣ ይህን ክፍተትም መዝጋት ወደ ቤት የሚገባውን የትንኝ ቁጥር ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ አሳይቷል። ወንፊቱ አጎበርን አይተካም። አጎበሩ ከጣራው እንጨት ይንጠልጠል፣ ጠርዙም ከፍራሹ ሥር ይግባ። መብራት ሲጠፋ ግን አጎበር አጠገብ ሻማም ኩራዝም አይለኮስ፤ ባትሪ ወይም የፀሐይ ፋኖስ ይሻላል።

ሙቀቱ እንደ አካባቢው ይለያያል። ጂንካ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቆላ በሆኑት ቱርሚ ወይም ኦሞራቴ ግን ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ አምሽቶም ይተፋዋል። እዚያ ቆጥ ላይ ሰው ከማስተኛት ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ እንጨቱ። ኮርኒስ ወለል አይደለም። ኮምፔርሳቶም ሆነ የተወጠረ ጨርቅ፣ የተያዘበት ቀጭን ሞራሌ ከራሱ ክብደት በላይ እንዲሸከም አልተሠራም፤ ሰው ሊወጣበት ቀርቶ የበቆሎ ጆንያም አይቀመጥበትም። ለመኖሪያ ቤት ወለል መሐንዲሶች የሚያሰሉት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት ኩንታል ማለት ነው። ቆጡ ይህን እንዲችል ተሸካሚዎቹ ግድግዳው ውስጥ መሰካት ሳይሆን መሬት ድረስ በሚወርዱ ምሶሶዎች ላይ መቀመጥ አለባቸው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ጣራውን በጭንቅ ችሎ የቆመ ነው። በዚያ ላይ ምስጥ አለ፦ እንጨቱን ከሥሩ ጀምሮ ውስጥ ውስጡን ይበላና ውጪውን ደህና ያስመስላል። ከመሠራቱ በፊት እያንዳንዱን ቋሚ ከመሬት አጠገብ በቢላ ጫፍ መውጋትና ማንኳኳት ይገባል። ቢላው ዘልቆ ከገባ፣ ወይም ድምፁ ባዶ ከሆነ፣ ቋሚው መለወጥ አለበት።

መውጫውን ብዙ ሰው አያስበውም። መሰላሉ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ምድጃው ባለበት በኩል ነው፤ እሳት ከተነሳ ብቸኛው መውረጃ እሳቱ ውስጥ ይሆናል። መሰላሉ ከምድጃው ርቆ በር አጠገብ ይሁን፣ ላዩም ታችም ይታሰር። ሁለተኛ መውጫም ያስፈልጋል። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ደንብ፣ ጣራ ሥር ላለ መኝታ ቤት ጭምር፣ ቢያንስ ወደ 0.53 ካሬ ሜትር ክፍት የሚሆን መስኮት ይጠይቃል። በእኛ ቤት ስድሳ በዘጠና ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት የጣውላ መስኮት ይበቃል። ለሌባ ተብሎ ፍርግርግ ከተገጠመበት ያለ ቁልፍ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን።

የኤሌክትሪክ ሽቦ ኮርኒስ ላይ ሲያልፍ ሰው አያየውምና መገጣጠሚያው ተጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ ይቀራል፤ አይጥም ልባሱን ይልጣል። ቆጡ ሲሠራ ያ ሽቦ ከፍራሽ አጠገብ ይመጣል። ባለሙያ ጠርቶ በቱቦ ማስገባት ዋጋው አያስቆጭም።

ሕጉስ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ለግንባታና ለማሻሻያ ፈቃድ እንዲወሰድ አዝዞ ነበር፤ ፈቃዱን እንዲያይም የሕንፃ ሹም ሰይሞ ነበር። ግድግዳ ከፍ የሚያደርግ፣ ጣራ የሚያነሳ ወይም መስኮት የሚከፍት ሰው መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ይጠይቅ። ተከራይ ከሆነ ከዚያ በፊት አከራዩን ያስፈቅድ፤ መስኮት የማያስከፍት አከራይ ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ሰው ባይተኛ ይመረጣል።

ማን ይተኛበት? ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ታች ይሁን። የሚጥል ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና አረጋውያንም እንደዚያው። ለሌሎቹ በክፍቱ ጎን ወደ አንድ ሜትር የሚደርስ መከለያ ይሠራ፣ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከአሥር ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የሕፃን አካል ያሾልካል። ሽንት ቤቱ ውጭ በሆነበት ግቢ ሌሊት መውረድ ስለማይቀር ከመሰላሉ ራስ ባትሪ ይንጠልጠል፣ ወራጁም ፊቱን ወደ መሰላሉ አዙሮ ይውረድ።