ትንባሆ ለመግዛት ስለ ተወሰነው ዕድሜ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ትንባሆ እንደ ነውር ሲቈጠር የኖረ ነገር ነው። ካህን አይነካውም፤ በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሊያስመሰክር የወጣ ተማሪም ሲጃራ ይዞ ቢገኝ ለመምህሩ ኀፍረት ነው። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን አጥብቀው ከልክለው፣ የሚያጤስ ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫውን እንዲቈረጥ አዝዘው እንደ ነበር ይነገራል። ቅጣቱ እጅግ የከፋ ነበረ፤ የሰውን አካል አጐደለ እንጂ ትንባሆን ከአገር አላጠፋም።

የዛሬው ሕግ በገዢው ላይ ሳይኾን በሻጩ ላይ ያተኵራል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112፣ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትንባሆ እንዳይሸጥ አዘዘ። ቀድሞ ወሰኑ 18 ነበረ። ሲጃራን በፍሬ መሸጥም ተከለከለ፤ ሙሉ ፓኮ መግዣ የሌለው ልጅ የአንድ ፍሬ ዋጋ አያጣምና። የአሜሪካ መንግሥት እንኳ ዕድሜውን ለመላ አገሩ 21 ያደረገው ከዚህ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ነው።

ሦስት ዓመት መጨመሩ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ የመንደሩን ትምህርት ቤት ይመልከት። ዘግይቶ ትምህርት የዠመረው የ18 ዓመት ጐበዝ ከ14 ዓመት ልጅ ጋራ ባንድ ወንበር ይቀመጣል። ለታናሹ ሲጃራ የሚያቀብለው ነጋዴ አይደለም፤ ይኸው ባልንጀራው ነው። የ21 ዓመት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወንበር ተነሥቷል። ደግሞም የሰው አንጐል እስከ 25 ዓመት ገደማ እየበሰለ ስለሚሄድ፣ በትንባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን በልጅነት ከያዘ አይለቅም።

ይህን ሕግ በሸንጎ የማይደግፍ ሽማግሌ ማግኘት ያስቸግራል። ድጋፉ የሚደክመው ሱቅ ደጃፍ ሲደርስ ነው። አባት ልጁን፣ አጎት የወንድሙን ልጅ «ሂድ፣ ሱረት ገዝተህ ና» ብሎ ይልካል፤ ባለሱቁም የትልቅ ሰው መልእክተኛ ባዶ እጁን መመለስ ድፍረት ይመስለዋል። ልጁ ግን በዚህ መንገድ ዋጋውንም፣ ሽታውንም፣ ሻጩንም ይለምዳል።

የዕድሜ ማስረጃም ነገር አለ። የቀበሌ መታወቂያ በ18 ዓመት ስለሚሰጥ፣ መታወቂያ መያዝ ብቻ 21 መሙላትን አያስረዳም፤ የተጻፈውን የልደት ዘመን ማንበብ ያስፈልጋል። የመንግሥት የልደት ምዝገባ የተዠመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመኾኑ የብዙ ወጣት ዕድሜ የሚታወቀው በእናቱ ቃልና በክርስትናው ቀን ነው። ይሁን እንጂ በነፋስ መውጫ ወይም በወገዳ ገበያ ቢቸግር ነው እንጂ፣ በመንደር ሱቅ የልጁን ክርስትና አባት ሳይቀር የሚያውቅ ሻጭ ዕድሜውን አላወቅሁም ሊል አይችልም። ለተጠራጠረም የትምህርት ቤቱ መዝገብ አለ፤ መምህሩ ገልጦ ቢነግረው ክርክሩ ያልቃል።

ሱረት የለመዱ ሽማግሌም ወደ ሱቅ ራሳቸው ይሂዱ፤ መንገዱ ቢርቃቸው 21 ዓመት ያለፈውን ጐልማሳ ይላኩ።