ጥርስ የሚረግፈው በእርጅና ነውን?

የጥርስ ጤና ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ልጆች ነው። በዛሬው ዓምዳችን ግን ስለ አባቶቻችንና እናቶቻችን ጥርስ እንነጋገራለን።

በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጡ አረጋውያን ጥርሳቸው ሲነቃነቅ «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ብለው ማስታገሻ ገዝተው ይመለሳሉ። ዕድሜ ብቻውን ግን ጥርስ አይጥልም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች ጥርሳቸውን ሙሉ በሙሉ ያጡት 23 በመቶ ያህል ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ ጥቂትም ቢሆን ጥርስ ይዘው ያረጃሉ ማለት ነው።

ታዲያ ጥርሱን የሚጥለው ምንድን ነው? አንዱ ዋነኛ ምክንያት የድድ በሽታ ነው። በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ የሚቀረው ቆሻሻ ባክቴሪያ ያፈራል፤ ሲቆይም ይደነድንና ብሩሽ የማያነሳው ድንጋይ ይሆናል። ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፣ ከጥርሱም እየራቀ ይሄዳል። በመጨረሻ ጥርሱን የያዘው አጥንት ይበላል። ይህ ሁሉ ለዓመታት ያለ ሕመም ሊካሄድ ይችላል። ድዳቸው ሲደማ «አቆሰለኝ» ብለው መፋቂያውን የሚተዉ ብዙዎች ናቸው። ደሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቆሻሻው ስላልተነሳ ነው፤ መተው ያብሰዋል። በለስላሳ ብሩሽ፣ በቀስታ፣ ሳያቋርጡ ማጽዳት ይበጃል። በሁለት ሳምንት ካልቆመ ሐኪም ይየው።

ሲዋክ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ያለውን ቦታ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። የዓለም የጤና ድርጅትም በ1986 እ.ኤ.አ. አጠቃቀሙን አበረታቷል። ችግሩ አያያዛችን ላይ ነው። የወይራውን ጫፍ አኝኮ እንደ ብሩሽ ሳይበትኑ የፊት ጥርስን ብቻ ሲያሹ መዋል የመንጋጋ ጥርሶችን አያድንም። ደረቁን እንጨት በኃይል ወደ ጎን መፈግፈግ ደግሞ ድድን ያሸሻል። ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ፣ በውስጥም በውጭም ይፋቅ። ማታ ከመተኛት በፊት ፍሎራይድ ባለው ሳሙና መቦረሽ ይጨመር፤ ድድ ሸሽቶ የተጋለጠ ሥር ቶሎ ስለሚበሰብስ ፍሎራይድ ለአረጋዊ ከልጅ ባላነሰ ያስፈልጋል። በረመዳን ከዙህር በኋላ ስለ መፋቅ ዑለማዎች የተለያየ አቋም ስላላቸው በአቅራቢያችሁ ያሉትን ጠይቁ። ከኢፍጧር በኋላና ከሱሑር በኋላ ጎሕ ሳይቀድ ማጽዳትን የሚከለክል ግን የለም። ወሩን ሙሉ መተው ከየት እንደመጣ አይገባኝም።

እኛ የቡና አገር ሰዎች ነን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስንል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንጠጣለን። ጥርስን የሚያበሰብሰው ቡናው ሳይሆን በየስኒው የምናማስለው ስኳር ነው፤ መጠኑ ብቻ ሳይሆን መደጋገሙም ይጎዳል። ጫት በስኳርና በለስላሳ መጠጥ መቃም ከዚህ ይብሳል። ከቡና ቅጠል በቅመም የሚፈላው የአካባቢያችን ጨሞ ስኳር ስለማይገባበት በዚህ በኩል ይሻላል።

ስለ መድኃኒት ደግሞ ላስጠንቅቅ። አስፕሪን ድድ ላይ መያዝ ሥጋውን ያቃጥላል እንጂ ጥርሱን አያክምም። አሞክሳሲሊን በራስ ትእዛዝ መዋጥ እብጠቱን ለጊዜው ቢያበርድ እንኳ የተበላሸውን ጥርስ አያድነውም። ለደም ግፊት የሚሰጡት ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን በአንዳንድ ሰዎች ድድን ያሳብጣሉ፤ አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ምራቅ ያጣ ጥርስም በቀላሉ ይበሰብሳል። እንዲህ ያለ ነገር ከታየ ለሐኪሙ መንገር እንጂ መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ አይገባም። የስኳር ሕመምና የድድ በሽታም አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ።

ጥርስ የሚፈለገው ቆሎና ሥጋ ለማኘክ ብቻ አይደለም። መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ እንደሚያውቀው ሣእ፣ ዛልና ዟእ የምላስ ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጋር ካልተገናኘ በትክክል አይወጡም፤ ፋእም የታችኛውን ከንፈርና የላይኛውን ጥርስ ይሻል። ስንት ልጆች ቁርኣን የሚቀሩት ከአረጋዊ አስተማሪ ነው!

የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረጉም ማታ አውልቀው፣ ቦርሸው፣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያሳድሩት፤ አፍ ውስጥ ካደረ ፈንገስ ያመጣል። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም ጣታቸው የማይጨብጥ ከሆነ የብሩሹን እጀታ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አወፍሩላቸው። ይህም ካልሆነላቸው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ከኋላቸው ቆሞ፣ ራሳቸውን ደግፎ ሊቦርሽላቸው ይችላል።