«በኋላ» እና «ስለ»፦ ቅደም ተከተልንና ምክንያትን ለይቶ መጻፍ

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ምክንያትን የሚገልጹትን ቃላት በደብተራችሁ ላይ አስፍሩ።

እ.ኤ.አ. በ1846 ዓ.ም. በኤተር ማደንዘዝ ከተጀመረ በኋላ በሽተኛው ከቢላዋ ሥቃይ ዳነ፤ ከቁስል ማመርቀዝ ግን አልዳነም። ቀዶ ጥገናው በሚገባ ተፈጽሞ ሳለ ቁስሉ መግል ይይዝና ብዙ ሰው ይሞት ነበር። ያመረቀዘ ቁስል ስለሚሸት፣ በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሐኪሞች በሽታውን የሚያመጣው መጥፎ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ መስኮት ይከፍታሉ እንጂ እጃቸውን መታጠብ አስፈላጊ መስሎ አይታያቸውም ነበር።

በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ሊስተር ግን አንድ ነገር አስተዋለ። አጥንቱ ተሰብሮ ቆዳው ያልተቀደደ ሰው ሳያመረቅዝ ይድናል፤ ቆዳው የተቀደደው ግን ያመረቅዛል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ነገር የሚበሰብሰው በረቂቅ ሕያዋን ምክንያት መሆኑን ማሳየቱን ሊስተር አነበበ። ስለዚህ ቁስልንም የሚያበላሹት እነዚሁ ተሕዋስያን መሆን አለባቸው ሲል ደመደመ።

በነሐሴ 1865 (እ.ኤ.አ.) የጋሪ መንኰራኵር እግሩን የሰበረው የ11 ዓመት ልጅ ወደ ሆስፒታሉ መጣ። ሊስተር ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈነው። ቁስሉ አላመረቀዘም፤ ከስድስት ሳምንት በኋላም አጥንቱ ገጠመ። ሊስተር ዘዴውን ከመጀመሩ በፊት እጃቸው ወይም እግራቸው ከተቆረጠ 35 በሽተኞቹ 16ቱ ሞተው ነበር፤ ከጀመረ በኋላ ግን ከ40ዎቹ የሞቱት 6 ብቻ ናቸው።

ዛሬ ሐኪሞች ተሕዋስያኑ ከቁስሉ ሳይደርሱ አስቀድመው ይከላከላሉ፤ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ጓንት ያጠልቃሉ፣ መሣሪያዎቹንም በእንፋሎት ያጸዳሉ።

ለ. የሰዋስው ማስታወሻ

የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ቁስሉ ከሸተተ በኋላ በሽተኛው ሞተ።
2. ቁስሉ ስለ ሸተተ በሽተኛው ሞተ።

«ከ . . . በኋላ» የነገሮችን ቅደም ተከተል ብቻ ይገልጻል። «ስለ» ግን የመጀመሪያው የሁለተኛው ምክንያት መሆኑን ያስረግጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ሲሆን ሁለተኛው ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ሽታውም ሞቱም ከአንድ ምንጭ፣ ማለትም ከተሕዋስያኑ፣ የመጡ ውጤቶች ናቸው። ድርሰት ስትጽፉ ምክንያቱን ሳታረጋግጡ «በኋላ»ን በ«ስለ» አትለውጡ። በምንባቡ እንዳያችሁት፣ የእነዚህ ሁለት ቃላት መምታታት የሰው ሕይወት አስከፍሏል።

ሐ. መልመጃ

1. ሊስተር ከመጥፎ አየር ሌላ ምክንያት እንዲፈልግ ያደረገው ምን ነበር?
2. «ምክንያቱም»ን እና «ስለዚህ»ን ተጠቅማችሁ ስለ እጅ መታጠብ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ። ከሁለቱ ቃላት ምክንያትን የሚያስከትለው የትኛው ነው? ውጤትንስ?
3. በአካባቢያችሁ ሰዎች «በዚህ ምክንያት ይመጣል» የሚሉትን አንድ በሽታ መርጣችሁ፣ አባባሉ ምክንያትን ወይስ ቅደም ተከተልን ብቻ እንደሚያሳይ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።