የሌለ ሌባ ፍለጋ፦ የሱቅ ኮምፒዩተር ቁጥር ለምን ይዛባል?

በሁለት ካሽ ሬጅስተር የሚሠሩ ባለሱቆች ማታ ሒሳብ ሲዘጉ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃና ኮምፒዩተሩ የሚያሳየው ቁጥር አልገናኝ ይላቸዋል። ቀድሞ የሚጠረጠረው ሠራተኛው ነው። ይሁንና ማንም ሳይሰርቅ ቁጥር ሊጠፋ ይችላል።

በመዝገቡ 10 እሽግ በርበሬ አለ እንበል። ባለቤቱ አዲስ የመጣ 20 እሽግ ለማስገባት ከኋላ ክፍል መዝገቡን ከፈቱ፤ 10 አዩ። በዚያው ቅጽበት ካሸሯ 3 ለመሸጥ ከፈተች፤ እርሷም 10 አየች። ባለቤቱ 30 ብለው መዘገቡ። ካሸሯ ተከትላ 7 ብላ መዘገበች። መደርደሪያው ላይ 27 እሽግ አለ፤ ኮምፒዩተሩ 7 ይላል። የኋለኛው ጽሑፍ የፊተኛውን ደመሰሰው።

መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሥራ ድርሻውን የሚወስን የራሱን የምስጢር ቁጥር መስጠት ነው። ካሸር "3 ተሸጠ" ብላ ትመዝግብ እንጂ ጠቅላላውን ቁጥር መለወጥ አትችል። ዕቃ ተረካቢም "20 ገባ" ይበል። ድምሩን ራሱ ዳታቤዙ ከሠራው፣ ማንም ቢቀድም ውጤቱ 27 ነው። ሁሉም በባለቤቱ ቁጥር የሚገባበት ሱቅ ግን (ብዙዎቻችን ለጥድፊያ ስንል የምናደርገው ነው) ማን ምን እንደጻፈ እንኳ አይታወቅም።

የሥራ ድርሻ ብቻውን አይበቃም። ሁለት ካሸሮች የመጨረሻዋን አንድ እሽግ እኩል ሊሸጡ ይችላሉ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ቁልፍ ነው፦ አንዱ ሥራውን እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል። ማንበብና መጻፉ እንደ አንድ የማይከፈል ሥራ ሲቆጠር ትራንዛክሽን ይባላል፤ አሜሪካዊው ጂም ግሬይ በ1998 እ.ኤ.አ. የቱሪንግ ሽልማት ያገኘው በዚህ መስክ ባበረከተው ሥራ ነው። የታክሲ ስምሪትም ያው ነው። አንድ መኪና ለሁለት ተሳፋሪ እንዳይመደብ ሁለተኛው መዳቢ "ተይዟል" የሚል መልስ ማግኘት አለበት፤ የተመደበን መኪና መንጠቅ የሚችለውም ኃላፊው ብቻ ይሁን።

አልፎ አልፎ ሁለቱ ሥራዎች እርስ በርስ ሲጠባበቁ ይቆማሉ። ያን ጊዜ ዳታቤዙ አንዱን ይሰርዛል። እንደ ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ባሉት የትኛው እንደሚቀድም አስቀድሞ መወሰን ይቻላል። ደንበኛ ቆሞ የሚጠብቀው ሽያጩ ነውና ሽያጩ ይቅደም፤ የኋላ ክፍሉ ቆጠራ እንደገና ይጀመር።

ሲስተም ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን ሁለት ማሽን ያስከፍቱት። አንድ ፍሬ ብቻ የቀረው ዕቃ ይመዝገብ፤ ከዚያ በሁለቱም ማሽን እኩል ይሽጡት። ሁለቱም ያለ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ ካወጡ፣ ዋጋውን ከመነጋገርዎ በፊት ምክንያቱን ይጠይቁት።