መስመር ልቀይር ወይስ ልጨምር?

ጥያቄ፦ ሲኒማ ራስ አካባቢ፣ ምድር ቤት ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። ለክፍለ ሀገር ደንበኞቼ የናሙና ፎቶ በቴሌግራም ስልክላቸው ኢንተርኔቱ ይጎተታል። በኢትዮ ቴሌኮም ልቆይ ወይስ ወደ ሳፋሪኮም ልዙር?

መልስ፦ የ09 ቁጥርዎን በፍጹም አይጣሉ። ደንበኛ የሚያውቅዎት በእሱ ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ቴሌብርም የሚሠራው በእሱ ነው። ስልክዎ ሁለት ሲም ከያዘ የሳፋሪኮምን 07 ጨምረው ይሞክሩ።

ዋናው ፈተና ያለው ግን እዚያው ሱቅዎ ውስጥ ነው። ብረትና ኮንክሪት ሲግናል ያዳክማል፤ ቅዳሜ ገበያው ሲደራ ደግሞ አንዱን አንቴና ብዙ ሰው ይሻማበታል። ስለዚህ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ከባንኮኒዎም ከደጅም ሆነው፣ ያንኑ ፎቶ በሁለቱም መስመር ይላኩ። ለሙከራ የቀን ጥቅል ይበቃል፤ የወር ለመግዛት አይቸኩሉ። ደጅ ላይ ሁለቱም ፈጥነው ውስጥ ሁለቱም ከደከሙ ችግሩ ሕንፃው ነው። ያኔ ሲም ከመቀያየር ብሮድባንድ አስገብቶ በዋይፋይ መሥራት ይሻላል።

ዕቃ ይዘው ገጠር የሚወጡ ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮም አይለይዎት። ሳፋሪኮም በይፋ ሥራ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ከከተማ ሲርቁ ሽፋኑ ገና ይሳሳል።