ስለ ባሕር ውኃ ቀለምና በውስጡ ስለሚኖሩት ጥቃቅን አትክልቶች የተሰጠ ትምህርት

አስተዋይ ገበሬ የአዝመራውን ቅጠል አይቶ የመሬቱን መራብና መጥገብ እንደሚያውቅ ሁሉ፥ ባሕርን የሚመረምሩ ሊቃውንትም የውኃውን መልክ አይተው በውስጡ ያለውን አዝመራ ይለያሉ። ባሕርም እንደ የብስ የራሱ አዝመራ አለውና። ነገር ግን ይህ አዝመራ ሥር የሌለው፥ አብዛኛውም በዓይን የማይታይ፥ ከማዕበል ጋራ የሚንከራተት ነው። ስሙም ፋይቶፕላንክተን ይባላል፤ በግሪክ ቋንቋ ተንከራታች አትክልት ማለት ነው። ትንሽነቱን አይተን ልንንቀው አይገባም። በፀሐይ ብርሃን ኃይል በዓለም ላይ ከሚዘጋጀው ምግብ እኩሌታው ያህል ከዚሁ ጥቃቅን ፍጥረት ይገኛል፤ የባሕር ዓሣም በብዛት የሚኖረው እርሱን በልቶ፥ ወይም እርሱን የበላውን በልቶ ነው።

የዚህ አትክልት ዋና ቀለም ክሎሮፊል የሚባለው ሐመልማል ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 ዓመት (ከዚህ በታችም የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፔልቲዬና ካቫንቱ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ መድኃኒት ቀማሚዎች ከቅጠል ለይተው ስም አወጡለት። ክሎሮፊል ከፀሐይ ብርሃን ሰማያዊውንና ቀዩን ይውጣል፤ አረንጓዴውን ግን አብዛኛውን ይመልሰዋል። ስለዚህ አትክልት ያነሰበት ጥልቅ ባሕር ሰማያዊ ሲሆን፥ አትክልት የበዛበት የባሕር ዳር ውኃ አረንጓዴ መስሎ ይታያል።

ከዚህ በቀር እያንዳንዱ ወገን የራሱ ተጨማሪ ቀለም አለው። ባለ ከብት ከብቱን በምልክቱ እንደሚለይ፥ መርማሪውም ወገኑን በቀለሙ ይለያል። ዲያቶም የሚባሉት ፉኮዛንቲን የተባለ ቡናማ ቀለም አላቸው፤ ከዲኖፍላጄሌት ወገን ብዙዎቹ ፔሪዲኒን የሚባለውን ይይዛሉ፤ ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉት ደግሞ ፊኮሲያኒን የተባለ ሰማያዊ ቀለም አላቸው፤ ከእነዚሁም አንዳንዶቹ ፊኮኤሪትሪን የሚባለውን ቀይ ቀለም ይጨምራሉ።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ቅርብ ባሕር አለን። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ሁሉ ባሕረ ኤርትራ የሚለውን ስም ያውቃል፤ የስሙም ሥር በግሪክ ቀይ ማለት ነው። በ1823 ዓመት ኤረንበርግ የሚባል የጀርመን ሊቅ በሲና ምድር ቶር በምትባል ወደብ ሳለ፥ የወደቡ ውኃ እንደ ደም ቀልቶ አየ። ውኃውንም ቀድቶ ቢመረምር ክር የመሰለ ጥቃቅን ፍጥረት በዝቶ አገኘ፤ በ1830 ዓመትም ትሪኮዴስሚየም ኤሪትሬየም ብሎ ሰየመው። የባሕሩ ስም ከዚህ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ግን በሌላ ምክንያት ይተረጕሙታል። ይህ ፍጥረት ባቄላና አተር በሥራቸው ባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት አማካይነት እንደሚያደርጉት፥ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ድሀውን ባሕር ያዳብራል።

ምርመራው የሚደረገው እንዲህ ነው። ውኃው በንጹሕ ዕቃ ይቀዳና ከመስታወት ጭረት በተሠራ ወረቀት ይጠለላል። ብርሃንና ሙቀት ቀለሙን ያበላሹታልና ወረቀቱ በጨለማና በብርቱ ቅዝቃዜ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ከመቶው 90 እጅ አሴቶን በሆነ ፈሳሽ ተነክሮ ቀለሙ ይወጣል፤ መጠኑም በብርሃን መለኪያ መሣሪያ ይታወቃል። በድሀው ባሕር በአንድ ሜትር ኩብ ውኃ ውስጥ ክሎሮፊል ከ0.1 ሚሊግራም ሊያንስ ይችላል፤ በለማው የባሕር ዳር ግን ከ1 ሚሊግራም ይበልጣል። ቀለማቱን እርስ በርሳቸው የመለየቱን ብልሃት ያገኘው ጽቬት የሚባል የሩስያ ሊቅ ነው፤ በ1903 ዓመት በዋርሶ ከተማ አስረዳው። ቀለሙን በኖራ ድንጋይ ዱቄት በተሞላ ቀጭን የመስታወት ቧንቧ ሲያሳልፈው፥ እያንዳንዱ ቀለም በራሱ ፍጥነት እየወረደ ተለየ። ይህንንም የትምህርት ቤት መምህር በቀላሉ ሊያሳይ ይችላል፤ የጎመን ቅጠል በሙቀጫ ወቅጦ በአልኮል ይዘፍዝፍና ፈሳሽ የሚመጥ ነጭ ወረቀት ጫፍ ይንከርበት፤ ቢጫውና አረንጓዴው ተለይተው ሲወጡ ይታያሉ።

ከ1978 ዓመት ጀምሮ የባሕር ቀለም ከሰማይ በሳተላይት ይለካል፤ በ2024 ዓመትም ብዙ የቀለም ዓይነት የሚለይ ፔስ የተባለ ሳተላይት ተልኳል። ነገር ግን በባሕር ዳር ወንዝ የሚያመጣው ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ውኃውን ስለሚያቀልሙት ሳተላይቱ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ በእጅ የተቀዳ ውኃ ሁልጊዜ ምስክር ሆኖ ያስፈልጋል።

ምናልባት «ከባሕር ለራቀ ሹም ይህ ምን ይረባዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ በሐይቆቻችን ዳር ይገኛል። በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዓይነት ፍጥረት ነው፤ በጪቱ ሐይቅም ፍላሚንጎ የሚባሉት ወፎች እርሱን ይመገባሉ፤ የላባቸውም ቅላት ከምግባቸው ቀለም የመጣ ነው። በቆቃ ሐይቅ ግን ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ወገን በዝቶ ታይቷል። እርሱም የሰውንና የከብትን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ ይህም መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ ሁለቱም ፊኮሲያኒን አላቸው። ስለዚህ ቀለም ወገኑን ያመለክታል እንጂ መርዙን አይመሰክርም፤ ለመርዙ ልዩ ምርመራ ያስፈልጋል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው በዚህም ይፈጸማል።

እንግዲህ ሐይቅ ወይም ኩሬ በግዛቱ ያለበት ሹም እነዚህን ነገሮች ቢፈጽም መልካም ነው።

አንደኛ፤ ሴኪ የሚባለው የኢጣልያ ሊቅ በ1865 ዓመት በነጭ ክብ ሰሌዳ እንዳደረገው፥ እርሱም ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ አስሮ በየወሩ በአንድ ሰዓትና በአንድ ስፍራ ወደ ውኃው ያውርድ፤ ሰሌዳው ከዓይን የሚሰወርበትንም ጥልቀት በመዝገብ ያጽፍ።

ሁለተኛ፤ ውኃው በድንገት አረንጓዴ ሆኖ በላዩ እንደ ቀለም ያለ አረፋ ቢሰፍፍ፥ ምርመራው እስኪፈጸም ድረስ ሰውና ከብት ከዚያ እንዳይጠጡ ያስጠንቅቅ፤ ሌላ ውኃም ያመቻች።

ሦስተኛ፤ ማዳበሪያ፥ ፍግና አፈር በጎርፍ ወደ ሐይቅ ሲገባ ይህን ፍጥረት ያበዛዋልና፥ በዳርቻው ሣርና ዛፍ እንዲጠበቅ፥ እርሻውም እስከ ውኃው ጫፍ እንዳይደርስ ያድርግ።

የውኃው ቀለም ለሚያነበው ሰው ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ደርሶት ሳይከፍተው የተወ ሹም ግን ከብቱ ባለቀበት ሕዝብ ፊት ምን ብሎ ይመልሳል?