ጎርፍ ሳይመጣ ቦይህን ጥረግ

ልጆች ሆይ፤ ንጉሥ ሰሎሞን ሰነፍን ሰው ይማር ዘንድ ወደ ማን እንደ ሰደደው ታውቃላችሁን? ወደ ሊቅ አልሰደደውም፤ ወደ ጉንዳን ሰደደው እንጂ። ይህም በመጽሐፈ ምሳሌ በ6ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ያች ትንሽ ፍጥረት የሚያዛት ጌታ ሳይኖር፥ ክፉ ቀን ሳይደርስባት ስንቋን ትሰበስባለች። እንግዲህ ትጋት ማለት ብዙ መድከም ብቻ አይደለም፤ ጊዜው ሳይደርስ መሰናዳት ነው።

ይህን በአገራችን ለማየት የሚወድ ወደ ራያ ቆላ ይውረድ። በቆቦና በአላማጣ መካከል ዋጃ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ሜዳ የሚዘንበው ዝናም ጥቂት ነው፤ በአንዳንድ ዓመትም ይጓደላል። ነገር ግን በምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ ክረምት ሲበረታ፥ ጎርፍ ደረቁን ወንዝ ሞልቶ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ገበሬዎችም በወንዙ ውስጥ አፈርና ድንጋይ፥ ቅርንጫፍም ከምረው ጎርፉን ይጠልፉታል፤ በቦይ እየመሩም ወደ ማሽላቸውና ወደ ጤፋቸው እርሻ ያገቡታል። ጎርፉም ከተራራ ያጠበውን ለም ደለል ይዞ ስለሚመጣ መሬቱን ያዳብረዋል።

ነገር ግን ጎርፍ ሰውን አይጠብቅም። አንዳንድ ጊዜ በሌሊት ይመጣል፤ ከጥቂት ሰዓትም በኋላ ያልፋል። ብርቱ በሆነ ጊዜ ክትሩን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ገበሬውም እንደ ገና ይሠራዋል። ስለዚህ ቦዩ የሚጠረገው ክረምት ሳይገባ ነው። ሥራውም ለአንድ ሰው የሚቻል አይደለምና በደቦ ይሠሩታል።

ሁለት ጎረቤታሞች እንዳሉ አስቡ። አንዱ በሰኔ ፀሐይ አካፋውን ይዞ ቦዩን ይጠርጋል። ሁለተኛው፥ «ደመና እንኳ የለም፤ ነገ እሠራለሁ» ብሎ በግራር ጥላ ይተኛል። በሌሊት ጎርፉ ደረሰ። የፊተኛው እርሻ ውኃ ጠጣ፤ የሁለተኛው ቦይ ግን በደለል ተደፍኖ ነበርና ውኃው አልፎት ሄደ። እግዚአብሔር ውኃውን ለሁለቱም ልኮ ነበር፤ የተቀበለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ደግሞም ከተደፈነው ቦይ በታች የአንዲት ድኻ እርሻ ነበረ፤ እርሱም ደረቀ። ሰነፍ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለምና።

ሆኖም የተራበውን ሁሉ ሰነፍ አትበሉት። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ ሲተጉ የኖሩ ገበሬዎች ደግሞ ዝናም አጥተው ተራቡ። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች በላከው በሁለተኛው መልእክት መብልን የከለከለው ሥራን ለሚጠላ ነው እንጂ፥ ሊሠራ ወድዶ ላልቻለ አይደለም። እርሱ ራሱም ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር። ወደ ኤፌሶን ሰዎችም ሲጽፍ፥ ሰው በእጁ የሚሠራው ለቸገረው ደግሞ እንዲያካፍል መሆኑን አስተማረ። እንግዲህ ሠርቶ ያጣውን መርዳት የትጉ ሰው ሥራ ነው።

ልጆች ሆይ፤ የእናንተ ቦይ ትምህርታችሁ ነው። ዛሬ ፊደሉን ያላጠና ነገ ደብዳቤ ሲደርሰው የሚያነብለት ሰው ይለምናል። የሕፃንነት ጊዜም እንደ ጎርፍ ፈጥኖ ያልፋል። ስለዚህ ሳያልፍ ተሰናዱ።

ጥያቄ።
1. የዋጃ ገበሬዎች ቦያቸውን የሚጠርጉት መቼ ነው? ስለ ምን?
2. የሰነፉ ሰው ስንፍና ማንን ጎዳ?
3. ሰነፍና ችግረኛ በምን ይለያያሉ?